አሥራ አንዱ እንቁላልና የአንገቴ ዕጢ

ውድ ልጄ ዘይቡ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ አባትሽ ሸኩር ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ሆስፒታል ተኝቶ ደህና ነኝ የሚል ሞኝ ነው። የተኛሁት ጅማ ነው። ይህን የሚጽፍልኝ አጠገቤ የተኛው መምህር ለይኩን ነው፤ የተሰበረው እግሩ እንጂ እጁ አይደለም። ቃሌን ሊያሳምርብኝ ሲል ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ዕጢ አስቆርጥ ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ዕጢ ሲያድግ ከሰውየው አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ ስቦ ይጠጣል፤ እዚያ ምሥራቅ ጀርመን የምትፈልጊው መድኃኒት ያንን ሥር እንዳይበቅል የሚያደርግ ነው፤ የምትሞክሪውም በታቀፈ እንቁላል ላይ ነው አልሽ። ገባኝ። ቡናዬ ላይ ወጥቶ የሚጠባው ተቀጽላ ማለት ነው። እንግዲያው መድኃኒቱን ላኪልኝ፣ ቢላ አልፈልግም ብዬ አስጻፍኩ። ገና ነው፣ ለሰው አልደረሰም ብለሽ መለስሽልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩ። ጀርመን እንቁላል ካለ እዚህ አገራችን ሰቃም እንቁላል አለ። እዚያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ያስቆይሻል ብዬ ራሴ ጀመርኩት።

እናትሽ አሥራ አንድ እንቁላል አስታቅፋ ነበር። እሷ ከቤት ስትወጣ አንዱን አነሣና ቅርፊቱን በመርፌ ሸርፌ መስኮት አወጣለታለሁ። ሱብሐነላህ፣ ውስጡ ቀይ በቀይ ክር ነው፤ መሐሉ ላይ ከምስር ፍሬ የምታንስ ልብ ትመታለች። ዳማ ከሴ ጨምቄ ጠብ አደረግሁበት። ክሩ ጠፋ። አገኘሁት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። በማግስቱ ሳየው ጫጩቱም ሞቷል። ፌጦ ሞከርኩ፣ ሞተ። ሬት፣ ሞተ። ሎሚ፣ ሞተ። ለማመሳከር ብዬ ንጹሕ ውሃ ያደረግሁበትም ሞተ። የእሱን ምክንያት አንቺ ታውቂው ይሆናል።

የመጨረሻውን ስከፍት እናትሽ ባህሪያ ከኋላዬ ቆማለች። መድኃኒት እየሠራሁ ነው አልኳት።

«አባ ዘይቡ፣ ሸለመጥማጥ ይሻለኝ ነበር፤ እሱስ በልቶ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ያቺን የምትመታ ልብ ብዙ አየቻት። ልጃችን የምትፈልገው ክሩን ብቻ ነክቶ ጫጩቱን የማይነካውን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

«ታዲያ እኮ እርስዎ ጫጩቱ ነዎት።»

መርፌውን አስቀመጥኩ። በማግስቱ ጅማ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ለገበሬ ማኅበሩ ሰው ሁሉ ልጄ ሰው ታክማለች እያልኩ እንቁላል መብሳትሽን ደብቄ ኖሬያለሁ። አፍሬብሽ ነው። አሁን ግን በዚህ ክፍል ያለ በሽተኛ ሁሉ ሰምቷል፤ ለይኩን ሦስት ጊዜ ሰምቶ በቃኝ ብሏል።

ነገ ጠዋት ይቆርጡኛል። ኢንሻአላህ እነሣለሁ። ባልነሣ ግን ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ፤ ከእኔ ሌላ አንገት ያለው ሰው ብዙ ነው። ቶሎ በይም አልልሽም። የቸኮለ ሰው የሚያደርገውን አይቻለሁ።

አባትሽ ሸኩር

ከስሜ በታች ያለው ጥቁር ነገር ቆሻሻ መስሎሽ እንዳታጥቢው፤ የአውራ ጣቴ አሻራ ነው።