እማዬን ነጭ ለማልበስ ሽሮ ሜዳ

ሰኞ

እማዬ እንቢ አለች። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ነጭ ልበሺ ብዬ ስለምናት መጥቼ፣ ሸጎሌ አክስቴ ቤት ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ፣ «ለሰላም ሰርግ በጥቁሬ ነው የምገኘው። ካፈራችሁብኝ እቀራለሁ» አለች።

ወንድሜ ዳዊት ከሞተ ዓመቱ አልፏል። ዘመድ ሁሉ ከል አውልቋል፤ እሷ ብቻ ቀረች። እኔም ሐዘኑ አልወጣልኝም። ግን እህቴ ሰላምስ ልጇ አይደለችም?

የድሮ የበዓል ቀሚሷን ደብቄ ይዣለሁ። ለልክ ይሆነኛል።

ማክሰኞ

ብቻዬን ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። የሰላም ሚዜዎች በሚቀጥለው ሳምንት ልብስ ሊገዙ ስለሚመጡ ልጻፍላቸው። በጠዋት ሂዱ። መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ለዓይን ናቸው፤ ለዋጋ ወደ ውስጥ፣ ሸማኔዎቹ ዘንድ ግቡ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት። የመጀመሪያውን ዋጋ ስትሰሙ ሳቁና ሂዱ፤ ይጠሯችኋል።

እኔ ስቄ ሄድኩ፤ ማንም አልጠራኝም። አፍሬ ተመልሼ ገዛሁ።

ሰፊው የድሮውን ቀሚስ አገላብጦ «ባለቤቷ ብትመጣ ይሻላል» አለኝ። «አትመጣም፤ በቃ፣ በዚሁ ልክ ስፋልኝ» አልኩት።

ረቡዕ

አየር ትቀይር ብዬ እማዬን ቁስቋም ማርያም ወሰድኳት። (ሚዜዎች፦ ከሽሮ ሜዳ በእግር ውጡ፤ ጉልበት እንጂ ብር አይጠይቅም። ውሃና ቆሎ ከቤት ያዙ።) ዳገቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ቆመች። ድሮ እኔን ጥላኝ ነበር የምትወጣው። ከተማው ከታች ተዘርግቶ እያለ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ስንወርድ እሷን መንገድ ዳር አቁሜ ቀሚሱን ከሰፊው ተቀበልኩ። ቤት ገብተን አክስቴ «እስቲ ለልክ እንኳ፣ እህቴ» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። እማዬ ጥቁሩን አወለቀች፤ ነጩን አጠለቀች።

ዋጣት። ትከሻው ክንዷ ላይ ወረደ። አጥንቷን አየሁት። አንድ ቤት እየኖርን እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ያ ሰፊ ጥቁር ቀሚስ ሁሉን ሸፍኖብኝ ኖሯል።

መስታወቱን አየችና «ይሄ የዳዊት እናት ልክ ነው። እኔ እሷን አይደለሁም» ብላ ጥቁሯን መልሳ ለበሰች።

ሐሙስ

ምሳም አልበላች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ጋቢዋን ተከናነበች። ተናደድኩ፣ ጮህኩባት። «ሁለት ልጆች አሉሽ እኮ! እኛንም አብረሽ ቀበርሽን!»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ሰርጉ ቀርቶ፣ እሷ ራሷ ልታመልጠን ነው።

ዓርብ

ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። «ያ ሰፊሽ የት ነው?» አለችኝ። ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ታክሲ ተሳፈርን።

ሰፊው ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረ። «እናቴ፣ ትርፉን ልቁረጠው?» አላት።

ትርፉን ጨርቅ በጣቶቿ ዳሰሰች። «አትቁረጠው። ወደ ውስጥ እጠፍልኝ፤ ስወፍር ይፈታል።»

ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

በጥቁሯ ነው የተመለሰችው። ለሰርጉ ትለብሰው እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ፈራሁ። ከታክሲ ስንወርድ ቀሚሱ ያለበትን ፌስታል ልያዝልሽ ብላት ግን አልሰጠችኝም።