የጠራ ድምፅ

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1959 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

ውርጭ። የጓሮው ጎመን ጠቁሮ አደረ። ባናዬን ደርቤ ወጣሁ።

ሁለቱ ተማሪዎች በአውቶቡስ ገቡ። ደምመላሽና ይርጋለም ይባላሉ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘዋል፤ አሁን ለሁለተኛው ዲግሪ ቋንቋ ሊያጠኑ ነው። መምህራቸው ወደኔ የላካቸው፣ ከማስተማር ሥራዬ ጎን ለጎን ለውጭ አገር አጥኚዎች ቃል ስሰበስብ መኖሬን ሰምቶ ነው። አሠራሩን አሳያቸው ብሎ። ጡረተኛን ያስታወሰ ሰው... እግዜር ይስጠው።

እርሳሳቸውን አስቀመጥኩባቸው። ዛሬ መስማት ብቻ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርነው ለመስማት ነው?» ደምመላሽ።

«ለመናገር ነው የተማርከው። ይኸው አላቆምክም።»

ይርጋለም በነጠላዋ ተሸፍና ሳቀች። እሷ ትሰማለች። እሱ ይቸኩላል። ይታረማል።

ዓርብ፣ ጥር 19

እርስ በርስ ሲጠያየቁ ዋሉ። የነገርኳቸው፦ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አትስጡ። አንድ ተናጋሪ፣ የጠራ ድምፅ። ዝርዝሩ ላይ ባዶ ቦታ አይቅር። የቀዳችሁትን በማግሥቱ መልሳችሁ እየሰማችሁ ጻፉ።

ደምመላሽ አጉረመረመ። ይርጋለም ሁለቴ ጻፈችው።

ማክሰኞ፣ ጥር 23፣ አልዩ አምባ

ከአንኮበር ቁልቁለቱን በበቅሎ ወረድን። እዚህ ሙቀት ነው። ያረፍነው እትዬ ዘምዘም ቤት። በዚህ ሰፈር አርጎብኛውን አጥርተው የሚናገሩ እሳቸውና ባላቸው አቶ ሙሄ ብቻ ቀርተዋል። አቶ ሙሄ ሸማኔ ናቸው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ጥቂት ሠርተው ጥቂት ይተኛሉ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ጀማል። ደብረ ሲና የጭነት መኪና ረዳት ነው። እሱ ያደገው በአማርኛ ነው።

«ይሄ ሳጥን ምን ይበላል?» አሉ እትዬ ዘምዘም የድምፅ መቅጃ ቴፑን እያዩ።

«ድምፅ ብቻ።»

«እንግዲያማ ቀለቡ አይከብድም!»

ቃል መጠየቅ ስንጀምር አቶ ሙሄ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሆነው በቋንቋቸው ጣልቃ ገቡ። እትዬ ዘምዘምም መለሱላቸው። አንዱ ሲወረውር ሌላው ሲቀበል፣ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። መወርወሪያው ይንኳኳል። የቴፑ እኩሌታ በዚህ አለቀ።

«በላዩ ቅዳበት» አልኩት ደምመላሽን። «ሁለት ሰው፣ ኳኳታ፣ ሳቅ... ለጥናት አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ያምር ነበር እኮ» አለች ይርጋለም።

«የምንሰበስበው የሚያምር አይደለም።»

ቀዳበት።

ዓርብ፣ ጥር 26

ዓረፍተ ነገሮች፤ እኛ በአማርኛ፣ እትዬ ዘምዘም በአርጎብኛ። ልጄ መጣ። አሉ። ልጄ በላ። አሉ። ልጄ ተኛ። አሉ። ልጄ ሞተ ላይ ስንደርስ እትዬ ዘምዘም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ይሄን ሌላ ሰው ጠይቁ።»

«ለትምህርት ነው። ስለ ጀማል አይደለም።»

«እኔ ስንት ልጅ አለኝ? ያም ቀኑን ሙሉ የጣርማ በር ገደል ላይ ነው የሚውል።»

ይርጋለም በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ እንለፈው?» አለች።

አይታለፍም። ዛሬ አንድ ካለፍን ነገ ስንት እናልፋለን? አልተቆጣሁም። ነገ እንጠይቃለን አልኩ።

እሑድ፣ ጥር 28

ሦስተኛ ቀኔ ነው። ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ ጠበቅሁ። ጊዜው የኔ ነው፣ ማን ያስቸኩለኛል?

አሉት። እትዬ ዘምዘም፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ትንሽ ከፍ አድርገው፣ እትዬ» አለ ደምመላሽ። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። «አላህ አይያዝብኝ» ብለው ተነሥተው ወጡ።

የጠራ ድምፅ። አንዲት ኮሽታ የለበት። ዝርዝሩ ሞላ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ጥር 29

አቶ ሙሄ ሞቱ።

ረቡዕ፣ የካቲት 1

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

እትዬ ዘምዘም ውሃ ወርደው ነበር። ተማሪዎቹ እንዳስተማርኳቸው የትናንቱን መልሰው እየሰሙ ይጽፋሉ። ጓሮ ተቀምጠው፣ ያችኑ ቦታ እየመላለሱ። አቶ ሙሄ ከቀትር ሶላት ሲመለሱ የሚስታቸውን ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ሰሙ። ልጄ ሞተ። ልጄ ሞተ። ልጄ ሞተ። በዚያ ቋንቋ፣ በዚያ ድምፅ... ሳጥን ነው ብለው እንዴት ያስቡ? እኔስ ብሆን?

አጥሩን ይዘው ወደቁ። ያነሣኋቸው እኔ ነኝ።

«ጀማል...» አሉኝ።

«ደኅና ነው! ቴፕ ነው! ትምህርት ነው!»

ሰምተውኝ ይሆን?

ጎረቤት እሪ አለ። እትዬ ዘምዘም እንስራቸውን መንገድ ላይ ጥለው፣ «ጀማል ነው? ጀማል ነው?» እያሉ ደረሱ። አይደለም አልናቸው። ከዚያ መሬት የተጋደሙትን ባላቸውን አዩ።

አቶ ሙሄ ሳይመሽ ተቀበሩ። ጀማል ዛሬ ደረሰ። አንዱ መንገድ ላይ «የሙሄ ልጅ ጀማል ሞተ» ብሎ የራሱን መርዶ ነግሮት ኖሯል፣ ማንነቱን ሳያውቅ። እየሳቀ መጥቶ ነው ለቅሶውን ያየው።

ይርጋለም «እንለፈው ብዬ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 4፣ ደብረ ብርሃን

ሸኘኋቸው። ቴፑን አስቀረሁት፤ ራሴ እልከዋለሁ ብዬ።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ላይ ምን ልበል?» ደምመላሽ፣ አውቶቡሱ በር ላይ።

«የሆነውን።»

«አሠራሩ ላይ ስሕተት የለም እኮ...»

የለም። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

ስኳርና ቴፑን ይዤ ለብቻዬ አልዩ አምባ ወረድኩ። አቃጥለው ካሉኝ ላቃጥለው ነበር።

የሽመናው ጉድጓድ ሳንቃ ተጋድሞበታል። ጀማል የመኪናውን ሥራ ትቷል። ውሃ ሰጠኝ፣ አላየኝም። እትዬ ዘምዘምን በማውቃት ጥቂት አርጎብኛ ሰላም አልኳቸው። በአማርኛ መለሱልኝ።

«ትቼዋለሁ፣ ጋሽ ገብረአብ። ከሱ ጋር ነበር የማወራው። ልጄ አይሰማው። ለማን ልበለው?»

«ሳጥኑን አምጥተውታል?»

«አምጥቼዋለሁ።»

«እንግዲያ ሙሄን ያሰሙኝ። የመጀመሪያ ቀን ከጉድጓዱ ሆኖ ሲያበሽቀኝ። ያንን ሳቁን። ሌላ አልፈልግም።»

እጄ ክዳኑ ላይ ቀረ።

«የለም፣ እትዬ። በላዩ ሌላ ቀድተንበታል። ያስደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የጠራ አልነበረም።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። አላለቀሱም።

«ታዲያ ምን ቀረ እውስጡ?»

«የእርስዎ ድምፅ።»

«ምን ስል?»

ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሳጥኑን ዘግቼ ያዝኩ።