ፔጆዋና ቀዩ መኪና

ሰኞ፣ ጥር 12/2006፣ ከቀኑ 10፡00
ከማስተምርበት ት/ቤት ገባሁ። አባባ ዛሬም ፔጆዋን እያጠበ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም እጁ ከእሷ አይለይም። አሮጌ ናት ማለት አይቻልም። ኒኬሏ ፊት ያሳያል። ዱቦ ሆስፒታል ተወልደን አምስታችንም ቤት የገባነው በእሷ። ዲምቱ ከተማ አያታችን ጋ ተደራርበን የሄድነውም በእሷ። ቅዳሜ ታናሽ እህቴን መሠረትን ለሠርጓ ወደ ቤ/ክ ትወስዳለች። አባባ ወስኗል። መሠረትን የጠየቃት የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 14
ማስታወሻዬ፣ ምን ጉድ አየሁ! የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ ናስር ከአዲስ አበባ ቀይ መኪና ይዞ መጣ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር። መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የኛዋ ስትነሳ ታጉረመርማለች፤ ይሄ ያገሳል፣ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ውበት! ናስር ለሙሽራዋ ነው ያመጣሁት አለ። መሠረት ልቧ ተሰረቀ። እራት ላይ በቀዩ ነው የምሄደው አለች። አባባ ሁለት ጉርሻ ሳይበላ እጁን ታጥቦ ወጣ።  ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥር 15
ናስር ብልህ ነው። አባባን እስቲ እርስዎ ይሞክሩልኝ ብሎ ለመነው። አባባ እንቢ፣ እንቢ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ። በተበላሸው አስፋልት ሄዱ። በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ቆዩ። ፈራሁ።
ሲመለሱ አባባ መሪውን አልለቅም አለ። "ሎኦ!" አለ በወላይትኛ፤ ግሩም ነው ማለቱ። ፊቱ የልጅ ፊት። ዳገቱን እንዴት እንደበላው፣ ፍሬኑ ገና ሲነካ እንዴት እንደሚይዝ አውርቶ አልጠግብ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ።
"እናታችሁስ የት ትቀመጣለች?"
ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ዓርብ፣ ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡00
አባባ አሁን መሠረትን ጠራት። እኔም ነበርኩ።
"ቀዩን እኔ ነድቼ እወስድሻለሁ" አላት።
አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ። ናስርም በደስታ ተስማማ።
ፔጆዋስ? እማማንና አክስቶቼን ማን ይውሰድ? ወንድሞቼ እኔ፣ እኔ ተባባሉ። አባባ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ! ማርሽ ስትቀይሪ አታስጩሂያት፣ ቀስ ብለሽ አለ። ሌላ ምክር የለም።
 ነገ እኔ ነኝ የምነዳት። አሁን ወጥቼ አንዴ ላስነሳት፣ ግቢው ውስጥ ብቻ፣ እስከ በሩ —