እጀታው የተነቀለው በር

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ዛሬም ስቶሩን ወለወልኩ። የመድኃኒት ስቶር ነው፣ መስኮት የለውም። አዲሱ በር በካርድ ነው የሚከፈተው። ካርዴ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሳስጠጋው ጢጥ ይልና ይከፈታል። ለመውጣት ደሞ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ያለችውን የመብራት ማብሪያ የመሰለች መጫኛ መጫን ነው። ድሮ እጀታ ነበረው። ሥ/አስኪያጁ አስነቀሉት። ሰው ሳይመዘገብ ሾልኮ ይወጣል ብለው። ምን ልሰርቅ ነው እኔ፣ መወልወያ ይዤ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ 11 ሰዓት
ደብተሬ፣ ተዘጋብኝ!
ዝናብ መጣ፣ ነጎድጓድ፣ መብራት ድርግም። እኔ ውስጥ። ወለሉ ላይ በረኪና ደፍቻለሁ። መጫኛዋን ብጫን ብጫን ዝም። ጨለማ። በረኪናው ዓይኔን፣ ጉሮሮዬን። በሩን ደበደብኩት፣ ጮህኩ።
ዘበኛው ጋሽ ኢድሪስ ሮጠው መጡ። የመንጌ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። "አይዞህ ልጄ! ጨርቅ አፍንጫ ላይ አድርግ! እኔ አልሄድም፣ እዚህ ነኝ!"
በካርድ ሞከሩ፣ እምቢ። ያለ መብራት የሚከፍተው የብረት ቁልፍ ሥ/አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው፣ እሳቸው ባምባሲ ሄደዋል። ስልክ አያነሱም።
ቡለን እያለን ተኩስ ሲሰማ እናቴ በሩን ዘግታ አልጋ ታስደግፍበት ነበር። ያኔ በር ሲዘጋ ነፍሴ መለስ ትል ነበር። ዛሬ መቃብር መሰለኝ።
መብራት መጣ። ጢጥ አለ። ወጥቼ ማንጎው ስር አስመለሰኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ሥ/አስኪያጁ ገባ። ምን ጠየቀኝ መሰለሽ? ካርቶን ረጥቧል ወይ? ካርቶን! ምን ሆንሽ የለ፣ ተረፍሽ የለ። ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው አልለውም። እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፣ ከምሳ በኋላ
በሩን የገጠመው ቴክኒሻን ሐሚድ መጣ። የበሩን ሳጥን ከፈተ። ውስጡ ባትሪ አለ፣ መብራት ሲጠፋ በሩን እንዲያሠራ። ባትሪው ሞቷል። ለምን? የስልክ ገመድ በገመድ ሆኗላ! መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ ስልኩን ከሱ ነው የሚሞላው። ሾፌሩ፣ ፋርማሲስቷ። ነጩ ገመድ የማን ነው? የራሱ የሥ/አስኪያጁ!
ሐሚድ ሳቀ። "ይሄ የበር ሳጥን ነው ወይስ የስልክ ሱቅ?" እኔ አልሳቅኩም። በኔ ትንፋሽ ነው ስልካቸውን የሞሉት።
አዲስ ባትሪ ገጠመ፣ ገመዶቹን ነቃቅሎ ጣለ። ከዛ ለሥ/አስኪያጁ ነገረው፦ ባትሪም ያልቃል፣ ከውስጥ እጀታ ካለ ግን መብራትም ባትሪም አያስፈልግም፣ ጎትቶ መውጣት ነው፣ አትንቀለው ብዬህ ነበር አለው።
ሥ/አስኪያጁ ባትሪ ገብቷል፣ በቃ አለ። ወደኔ ዞረ። "ነገ ገብተሽ ጨርሺ። ፈሪ ሠራተኛ አልፈልግም።"
ፈሪ ነኝ! አዎ! ማን ነው የማይፈራው? እሱ ምነው አንድ ቀን ገብቶ ተዘግቶበት ባየው! ግን መወልወያዬን አንስቼ ወጣሁ። የታናሽ እህቴ ትምህርት፣ ቤቱ፣ ሁሉም በዚህች ሥራ ነው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ በንዴት።

አርብ፣ ግንቦት 8፣ ጠዋት
ደመናው ጠቁሯል። ከአሁን አሁን መብራት ይጠፋል።
ጋሽ ኢድሪስ ጠሩኝ። ከኮታቸው ኪስ አወጡ። እጀታው! ብሎኑ ሳይቀር በላስቲክ ተጠቅልሎ። ሥ/አስኪያጁ ጣሉት ቢላቸውም አልጣሉትም። "ያንተ ነው ልጄ። ውሰድ።" ዓይኔ እንባ ሞላ። ይሄን ያህል ቀን ኪሳቸው ውስጥ!
አሁን ስቶሩ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ባልዲው ባዶ ነው፣ ውሃ አልቀዳሁም። እጀታውን ወስጄ ሥ/አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጥለት። ወይ ያስገጥመው፣ ወይ መወልወያውን ይዞ ራሱ ይግባና በሩን ከውጭ ልዝጋለት። ያባርረኛል? ያባርረኝ። እጀታው ሳይገባ እኔ አልገባም።
የመኪናው ድምፅ ነው። መጣ። እጀታውን ይዤ ተነሳሁ።