ሁለቱን በአንድ ድስት ቀቅላቸው

ይድረስ ለወንድሜ ለምናሴ፣ ጅግጅጋ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የመንገድ ሥራው አቧራ እንዴት አድርጎሃል? ያ ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሆዴን ሆዴን ትላለህ? ማህሌትስ ደኅና ናት? ሕፃኑ ብሩክ ጥርስ አበቀለ? እኔ እኅትህ የብርጓል፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና፣ በአካል ደኅና ነኝ። አንጀቴ ግን አሯል። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜም ስብሰባ ላይ ነኝ ብለህ ዘጋህብኝ። ወረቀቱን እንኳ አትዘጋብኝም።

ለመስቀል መጥተህ ያደረግኸውን መቼም አትረሳውም። ያን ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጡጫ የሚያህል የድንች ዘር ጭነህ መሸንቲ ቤታችን አወረድህ። እማየ ገና ስታየው ሙሽሪት ትመስላለች ብላ እልል አለች፤ ስሟም በዚያው ሙሽሪት ሆኖ ቀረ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የተከለውን ቀይ ዓይን ደግሞ የድሀ ድንች አልኸው። ይሁን፣ ድንክ ነው፤ ዓይኑም ጎድጓዳ ስለሆነ ሲልጡት እጅ ያደክማል። ይኸን አልክድም። አንተ ግን በዚህ አላበቃህም። እማየ የምድጃዋን አመድ በቁና ይዛ የድንቹ መሬት ላይ ስትበትን አይተህ ፊትህን አጨማደድህ። እስከ ዛሬ አመድ አፋሽ ናችሁ እንዴ፣ ደጃችሁን እንዲህ አታቆሽሹ አልሃት። እማየ አፈረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አመዱን እየወሰደች ገደል ትደፋዋለች። የተማርኸው አንተ ነህ፣ ማን ይናገርህ?

በየካቲት የሙሽሪት ቅጠል ከሥር ከሥሩ ጀምሮ ጠርዝ ጠርዙ ፍም እንደነካው ጨርቅ ነደደ። እማየ ምች ነው አለች። አንተን ብንጠይቅህ ዩሪያ ጨምሩ አልህ። ጨመርን፤ ባሰባት። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ብሥራት መጥታ አየችውና አፈሩን ላስመርምረው ብላ በፌስታል ይዛ ሄደች። እኛ ግን ውጤቱን ማን ይጠብቃል! በመጋቢት ቆፈርንና ትልልቁን መርጬ ወደ ባሕር ዳር አመጣሁት።

እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ በጀልባ መነሻው የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ስሸጥ ማንም በንጽሕናዬ አምቶኝ አያውቅም። የሆሣዕና ሰሞን ነው፣ ጾም ስለሆነ ገበያው የሚደራበት ጊዜ። በማለዳ ቀቀልሁ፣ ቆረጥሁ፣ በሳፋ አድርጌ ሸፍኜ ወሰድሁ። ክዳኑን ስገልጠው፣ እግዚኦ! ድንቹ ጫፍ ጫፉ የሞተ አይጥ ሆድ መስሎ ጠቁሯል። ኑርሑሴንን ታውቀው የለ፣ የቁንዝላውን ጀልበኛ? ሮመዳን ከወጣ ወዲህ ቁርሱ የእኔ ድንች ነበር። ሳያይ አንዱን ጎረሰና እንትፍ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። የብርጓል፣ አሣ እንኳ የሚጠየፈውን ነው እንዴ የምታበይኝ አለኝ። ከኋላው የቆሙት ሴቶችማ ያደረ ነው ተባባሉ፤ አንዷም እንቦጭ ከወረሰው ውኃ እየቀዳች ነው የምትቀቅለው አለች። እኔ! በቧንቧ ውኃ ሦስት ጊዜ የማጥበው ሰው! ሳፋውን እንዳለ ደፋሁት። እጄን በሳሙና ብታጠብ ብታጠብ ያ ነገር የሚለቀኝ አልመስል አለኝ።

በማግሥቱ መሸንቲ ሄድሁ። እማየ፣ አትቆጣትና፣ ካንተ ደብቃ በዚያው መሬት ዳር ሦስት መስመር ቀይ ዓይን ተክላ ኖሯል። ያው መሬት፣ ያው ውኃ፣ አመድም አልነካው፤ ቅጠሉ ግን እስኪቆፈር ድረስ አረንጓዴ ነበር። ሁለቱን በአንድ ድስት ቀቀልኋቸው። ቆርጬ ተውኋቸውና ከብቶቹን ውኃ አጠጥቼ ተመለስሁ። ሙሽሪት ጠቁራለች። ቀይ ዓይን እንደ ጥርስ ነጭ ነው።

ያን ጊዜ ብሥራት የአፈሩን ውጤት ይዛ ደረሰች። መሬቱ ፖታሽ የሚባል የአፈር ምግብ ተርቧል አለችን። ድንች ሁሉ ደግሞ ይህን ረኃብ እኩል አይችልም። ሙሽሪት ብዙ ትፈልጋለች፤ ካላገኘች ቅጠሏ ይነድዳል፣ ስትቀቀልም ትጠቁራለች። ቀይ ዓይን ያለችውን ትንሽ አብቃቅቶ ያድራል። ሙሽሪት በራሷ ክፉ ዘር አይደለችም፣ የምትፈልገውን ነሥታችኋት ነው አለች። የአመዱን ነገር ባነሣላት ራሷን ያዘች። አመድ እኮ ፖታሽ ነው፣ ማን ነው የከለከላችሁ አለችኝ። እንጃ አልኋት። ስምህን አልጠራሁም።

እውነቱን ልንገርህ ምናሴ፣ የጠቆረው ድንች ብቻ አይደለም ያስጠላኝ። አንተም አስጠላኸኝ፣ እኔም ራሴን ጠላሁት። በአመዱ ስትስቅ እኔም አብሬህ ስቄያለሁ። የከተማ ሰው ነኝ ብዬ! እማየ አመዱን ይዛ ስትዞር ፊቷን አይቼዋለሁ።

አሁን ዝናቡ ገብቷል። አንተ ግን ባለፈው ሳምንት ደውለህ የቀረውን ቀይ ዓይን ቀቅላችሁ ጨርሱት፣ መሬቱ በሙሉ ሙሽሪት ይሁን ብለሃታል። የቀረው አንድ ቅርጫት ነው፤ አጎንቁሏል። ጎረቤቱ ሁሉ አንተን አይቶ ዘሩን ስላጠፋ ከሌላ ቤት አይገኝም። ይህ ድስት ከገባ የአባታችን ድንች አለቀ ማለት ነው። ብለምናት ብለምናት ምናሴ ካላለ እኔ አልተክልም አለችኝ።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሾፌሩ ገብረ መስቀል ሁለት ድንች ያደርስልሃል። ትልቋ ሙሽሪት ናት። ድንኩን ከዘሩ ላይ ቀንሼ ነው የላክሁልህ፣ እንዳትጥለው። ሁለቱን በአንድ ድስት ቀቅላቸው፣ ቁረጣቸው፣ ብሩክን አቅፈህ ትንሽ ቆይ። ከዚያ ተመልሰህ እያቸው። ለእኔ አትደውል፤ ለእማየ ደውልላት። የአመዱንም ነገር ራስህ ንገራት፣ ከእኔ አፍ አትቀበለውም።

ማህሌትን አንገቷን እቀፍልኝ፣ ብሩክን ጉንጩን ሳምልኝ። ብሥራት አመዱን የከለከለውን ሰው እግዜር ይስጥልኝ በይው ብላለች፤ ማን እንደሆነ ዛሬም አልነገርኋትም። ኑርሑሴንም ሰላም ብሎሃል፤ ድንቼን ግን እስከ ዛሬ አልነካም። እማየ ትመርቅሃለች። ስልኳን ቻርጅ አስደርጋ ከቅርጫቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

እኅትህ የብርጓል
ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.