ሳልሰማ «እሺ» ያልኩሽ ቃል

እማዬ፣ ነፍስሽን በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልኝ። ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርሽን አውጥተናል። ገብስሽ ታጭዶ ገብቷል፤ በጎችሽን ጎረቤትሽ እትዬ ወለላ ከራሳቸው በጎች ጋር እያዩልኝ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ግን የቤቱን ወሬ ልነግርሽ ብቻ አይደለም። ራሴን ተጸይፌዋለሁ፤ ለማን እንደምናገረው ባጣ ላንቺው ልንገርሽ ብዬ ነው።

ያን የገበያ ቀን ከእትዬ ወለላ ጋር ዘመሮ ከተማ መጣችሁ። እሳቸው በርበሬ ሊገዙ ሲሄዱ አንቺ ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ ገባሽ። እኔ በእግሬ መኪናውን እረግጣለሁ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሐል አጣብቄ ስለ አንድ ለአምስት ስብሰባ አወራለሁ፣ ራዲዮኑም ዜና ያሰማል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠሽ ዝግ ባለ ድምፅ ብዙ አወራሽኝ። በመጨረሻ «ሰማኸኝ ልጄ?» አልሽ።

«እሺ እማዬ፣ ይሆናል» አልኩሽ፤ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይሽ።

ተነስተሽ ግንባሬን ሳምሽኝ፣ መርቀሽኝ ወጣሽ። ምኑ እንዲህ ደስ እንዳሰኘሽ አልጠየቅኩሽም።

ያኔ «ሦስት ሥራ ባንዴ የሚሠራ ሰው» ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ስንቱን እጅጌ አጣምሜ ሰፋሁ! ስንቱ ሰው ጭንቀቱን ሲያወራኝ «እህ፣ እህ» እያልኩ ሸኘሁት!

በሦስተኛው ሳምንት አረፍሽ። ዘመድ ተሰብስቦ የት ትቀበር ሲባል የንስሐ አባትሽ ወደ እኔ ዞሩ። «የቀብሬን ነገር ለልጄ ነግሬዋለሁ ብላኛለች» አሉ። አንዲት ቃል እንኳ ትዝ አላለኝም። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና «እዚሁ፣ ከአባቴ ጎን» አልኩ። ዋሸሁ፣ እማዬ። አፈርሽ እየተመለሰ ሳለም ስልኩ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አነሳሁት። መቃብርሽ አፍ ላይ ቆሜ «ሱሪው እሑድ ይደርሳል» አልኩ። ሰው ሁሉ ልቅሶውን ትቶ አየኝ።

እትዬ ወለላ ያን ጊዜ አልነበሩም፤ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር። ከአርባሽ በኋላ ተመልሰው ሊያለቅሱልሽ ሲመጡ መቃብርሽን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ራቤል፣ እናቷ አገር ሳትወስዳት ቀረህ?» አሉ።

የነገርሽኝን ከእሳቸው አፍ ሰማሁ። ከእኔ በፊት ሴት ልጅ ነበረችሽ። በሦስት ዓመቷ ራቤል አገር፣ እናትሽ ቤት ሞታ እዚያው ተቀብራለች። ዕድሜሽን ሙሉ አንስተሻት የማታውቂውን ያን ቀን አነሳሽልኝ፤ ስትሞቺ ከጎኗ እንዳሳርፍሽ ለመንሽኝ። ወደ ቤት ስትመለሱ «ልጄ እሺ አለኝ» እያልሽ ዳገቱን እንደ ልጃገረድ ወጣሽው አሉ።

«ጆሮህ የት ነበር?» አሉኝ።

ልጄ ገበታ ላይ ስታናግረኝ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ እሷ ታዞረው እንደነበር ትዝ አለኝ። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቤት ስገባ ስልኩን አጠፋለሁ። ሚስቴ ግን ገና አላመነችኝም፤ አውርታ ስትጨርስ «ምን አልኩህ?» ብላ ታስደግመኛለች። እውነቷን ነው።

የንስሐ አባትሽን አፅምሽን ለማፍለስ ብጠይቃቸው ዓመታት ሳያልፉ አይነሳም አሉኝ። ስለዚህ ባለፈው ወር ብቻዬን ራቤል ሄድኩ። የእናትሽ ጎረቤት የነበሩ አንዲት አሮጊት የእኅቴን መቃብር አሳዩኝ። ስሟ እንጉዳይ ይባላል አሉ። ዝናብ ሲመጣ በር ላይ ቆማ እየሳቀች መዳፏን ትዘረጋ ነበር አሉ። በታመመች ጊዜ ሦስት ቀን ከጀርባሽ እንዳላወረድሻት፣ ከሞተችም በኋላ ማዘያውን አልፈታም ብለሽ ሰው እንደለመነሽ ነገሩኝ። እጄን አጣጥፌ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ «እባክዎ፣ እንደገና ይንገሩኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ።

የሁለታችሁንም የክርስትና ስም ለራቤሉ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሰጥቻለሁ፤ በጸሎት ይጠሯችኋል። ጊዜው እስኪደርስ በየዓመቱ ራቤል እወጣለሁ፤ ሲደርስም እኔው ተሸክሜ እወስድሻለሁ። አንቺ ብቻሽን ስታስቢያት የኖርሽውን እኅቴን ከእንግዲህ እኔም አስባታለሁ። ለልጄም ነግሬያታለሁ፤ የእንጉዳይን ስም በቃሏ ይዛዋለች።

ልጅሽ