ቢጫው በር

ጥቅምት 3
እማዬ ዛሬም የሰው ቤት ገባች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እጇን ይዛ አመጣቻት። "ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብላ 'ይሄን መጋረጃ ማን ቀየረው?' ብላ ተቆጣችኝ" እያለች ትስቃለች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ግን እማዬስ ምን ታድርግ? ቤቱ ሁሉ አንድ ልክ፣ በሩ ሁሉ ግራጫ። እንኳን የሚረሳ ሰው ጤነኛውም ይሳሳታል።

ጥቅምት 5
ይሄን ሰፈር የነደፈው ሰውዬ ቤት ውስጥ ኖሮ ያውቃል? ዋናውን በር በአትክልቱ መሃል ወደሚያልፈው የእግር መንገድ አዞረው፣ ጓዳውን ወደ መኪና መንገድ። ሰው እየተንሸራሸረ እንዲጠያየቅ አስቦ ነው አሉ። እንግዳው ሁሉ በመኪና መጥቶ በጓዳ ይገባል። ያልታጠበ ድስቴን ሳያይ ሰላም ያለኝ ሰው የለም! ገበያ ይሠራበታል የተባለውም ቦታ እኔ ልጅ ሆኜ ሜዳ ነበር፤ ዛሬም ሜዳ ነው።

በእግር መንገዱ የምትሄድ፣ በዋናው በር የምትገባ እማዬ ብቻ ናት። ከአባዬ ጋር ሲገቡ ሰፈሩ ገና ጭቃ ነበር። "ቢሮ ወስደው በካርቶን የተሠራ ሰፈር አሳዩን። አባትሽ 'ይቺ የኛ ናት' ብሎ በጣቱ ቢነካት ጣሪያዋ ተነቀለ" ትላለች። ይሄን አትረሳም። ቤቷን ግን...

ጥቅምት 9
የነዋሪዎች ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ሄድኩ። ሰፈርተኛው "አቶ ፕላን" ነው የሚላቸው፤ ከአፋቸው ሌላ ነገር አይወጣማ።
"በሬን ቢጫ ልቀባው ነው። እናቴ እንድትለየው።"
"ልጄ፣ ፕላኑ ግራጫ ነው የሚለው።"
"ብትጠፋብኝስ?"
"ዛሬ ላንቺ ቢጫ ብንፈቅድ ነገ ሌላው ሐምራዊ ይላል።"
ይበል ታዲያ! ሐምራዊ በር ማንን ገደለ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ጥቅምት 14
እማዬ ጠፋች። ሲመሻሽ ሜዳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ብዙ በር አንኳኩታ፣ "እዚህ አይደለም" ሲሏት ደክሟት። "ቤታችንን ሸጥሽው እንዴ?" አለችኝ።
አለቀስኩ። ፈርቻለሁ። ወይ በር ቆልፌባት ልውል ነው፣ ወይ ልቀባው ነው። እሷን ቆልፎ ማዋል... አልችልም።

ጥቅምት 15
ቀባሁት። ቢጫ፣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ። አቶ ፕላን መጡ፣ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሄዱ።

ጥቅምት 22
ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተችም! እፎይ።

ጥቅምት 27
ልብስ ሰፊዋ በሯን ቢጫ ቀባች። "ኮሚቴው አንቺን ብቻ ነጥሎ እንዳይቀጣ ብዬ ነው" አለችኝ። ምን ይባላል? እግዜር ይስጥሽ ነው የሚባል። አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ኅዳር 2
የመስመራችን በር በሙሉ ቢጫ ሆኗል! ሁሉም ለእማዬ ሲሉ። አቶ ፕላን ሳይቀሩ ቀቡ። "አንድ ዓይነት ከሆነ ችግር የለም" አሉ። ሊኩሉ ዓይን አጠፉ ማለት ይሄ ነው። ሰው እንዴት በደግነቱ እንዲህ ያናድዳል?

ኅዳር 4
ከሰዓት እማዬ ወጣች። ልከተላት ስል አቶ ፕላን በጓዳ ከች አሉ።
"እባክዎ የኔን በር ወደ ግራጫ ልመልሰው።"
"አይሆንም ልጄ። አሁን ፕላኑ ቢጫ ነው።"
ጮህኩባቸው። በሰፈሩ ንድፍ፣ በሜዳው፣ በድስቴ፣ በሁሉም ነገር ጮህኩ። ድምፄ እስኪዘጋ። መሃል ላይ ዋናው በር ተከፈተ። እማዬ።
"ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?"
"እማዬ! እንዴት ቤቱን አወቅሽው? ሁሉም ቢጫ ነው እኮ!"
"በሩን ማን አየው? ስትነጫነጪ ሰምቼ መጣሁ እንጂ።"


ኅዳር 11
እማዬ ስትወጣ ዋናውን በር ከፍቼ ደጃፉ ላይ ወንበር አወጣሁ። ጮክ ብዬ እነጫነጫለሁ። በዚህ ሰፈር ደግሞ የሚያናድድ ነገር አይጠፋም። ስለ ሜዳው መነጫነጭ ስጀምር በእግር መንገዱ ብቅ አለች። "መጣሁ፣ መጣሁ፣ በቃሽ" አለችኝ።